ለማያልቅ ሕመም የሚያልቅ መዋጮ

ቅዳሜ ማታ ነው። ጉለሌ፣ አንድ ቤት ሳሎን ውስጥ ዘመድ ጎረቤቱ አንዲት ስልክ ከቦ ተቀምጧል። ስልኳን የያዘችው የታማሚው ታላቅ እህት ናት፤ የዕርዳታ ጥሪውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላው ያርማል።

«‹በአንጀት ሕመም› ካልሽማ ሰው ‹ጨጓራ ነው› ብሎ ያልፈዋል» አሉ አጎቷ።

«ታዲያ ምን ልበል ጋሼ? ካንሰር ነው ልበል?»

«ኧረ እሱን አላልኩም! ትንሽ ደንገጥ የሚያደርግ ነገር አስገቢበት ነው የምልሽ።»

ቀጥሎ የፎቶ ክርክር መጣ። አንደኛው ፎቶ የምረቃው ነው፤ ጥቁር ጋዋን ለብሶ፣ ጉንጩ ሞልቶ ይስቃል። ሌላው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የተነሣው ነው፤ ሆዱ ተገልጧል፣ ከጎኑ የተለጠፈው የሰገራ ከረጢት ይታያል። ጎረቤቲቱ «ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ነው እጁ የሚፈታው» አሉ። ጓዳ የተኛው ወጣት ይህን ሲሰማ፣ ከዚያ ሁሉ ድካሙ ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ «ያንን ፎቶ ካወጣችሁት ሕክምናውም ይቅርብኝ!» ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። የምረቃው ፎቶ ብቻ እንዲወጣ ተስማሙ።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ስንት ብር እንበል?» እህትየው ሐኪሙን ጠይቃለች። ሐኪሙ ያላት ደግሞ «የዓመቱን ነው ወይስ የጠቅላላውን? የጠቅላላ የሚባል ነገርማ የለውም» ነው። ይህን ስትናገር በክፍሉ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የዕርዳታ ጥሪ መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ይፈልጋላ። አሥር ዓይነት አሳብ ከተነሣ በኋላ አጎትየው «በቃ ሁለት ሚሊዮን በዪ፤ የጎደለውን እግዚአብሔር ይሞላዋል» አሉና ተጻፈ።

ቤተሰቡ ስሙ እንዲጠቀስ ስለማይፈልግ አልጠቅስም። ስሙን ብጠቅሰውም ባልጠቅሰውም ነገሩ አይለወጥም፤ ይህ ስብሰባ በየሰፈሩ፣ በየሳምንቱ ይደረጋል። ለልብ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል፣ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ይደረጋል። ለእነዚያ የሚጠራው ቁጥር ቢከብድም ቁጥር ነው፤ ገንዘቡ ሲሞላ ቀዶ ሕክምናው ይሠራል። የዚህ ወጣት ሕመም ግን እንዲያ አይደለም። ልመናውና ሕመሙ አብረው አይሄዱም። ይህን ዘገባ ያጻፈኝም ይህ አለመጣጣም ነው።

ሕመሙ ክሮንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ኒውዮርክ በሚገኘው ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የሚሠሩ ሦስት ሐኪሞች፣ ቡሪል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር፣ የትንሹን አንጀት ጫፍ እያቆሰለ የሚያጠብ ሕመም በአንድ ጽሑፍ ገለጹ። ስማቸው በፊደል ተራ ስለተቀመጠ የበሽታው ስም ለመጀመሪያው ቀረ። የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል፤ ግድግዳው ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይደድራል። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ክፍል ሊይዝ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበትን ቦታ ይመርጣል። ትልቁን አንጀት ብቻ የሚያቆስለው የቅርብ ዘመዱ አልሰረቲቭ ኮላይተስ ይባላል። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። የሁለቱም ምልክት ሰው ፊት የማይወራ ነው፦ በቀን አሥር ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ፣ ደም መቀላቀል፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ የኪሎ መቀነስ። ክሮንስ ከጠናም አንጀቱ ይጠባል ወይም ይበሳል፤ ከአንጀት ወደ ቆዳ ቀዳዳ አበጅቶ መግል የሚያወጣበት ጊዜም አለ።

እንዲህ ያለው ሕመም ይተኛል፣ ይነሣል። በመድኃኒት ለወራት፣ ለዓመታትም ጸጥ ሊል ይችላል፤ ሰውየው ይወፍራል፣ ሥራ ይገባል። ነቅሎ የሚያጠፋው መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ የለም። የታመመውን የአንጀት ክፍል ቆርጦ ማውጣት ነፍስ ያድናል፤ ሆኖም ክሮንስ ብዙ ጊዜ በተሰፋው ቦታ አጠገብ ተመልሶ ይመጣል።

ለዕርዳታ ጠያቂው ዋናው ፈተና ከዚህ ይጀምራል። ሕመሙ ሲተኛ ሰጪው «ድኗል እኮ፣ መርካቶ አየሁት» ይላል። ሲነሣ ደግሞ «ባለፈው ተሰብስቦለት አልነበር?» ይላል። ሁለቱም ንግግር ከክፋት የመጣ አይደለም። የኛ ሰው ዕርዳታ ሲሰጥ የሚያስበው ድንገት ስለወደቀ ሰው ነው፤ ወድቆ ስለሚነሣ፣ ተነሥቶም ስለሚወድቅ ሰው ማሰብ አልለመደም።

ብዙ ቤተሰብ ደግሞ የልመናው ስብሰባ ላይ ከመድረሱ በፊት ግማሽ ሀብቱን ጨርሷል። ምክንያቱ ምርመራው ነው። መጀመሪያ «አሜባ» ይባላል፤ ከዚያ «ታይፎይድ»፣ ከዚያ «ጨጓራ»። በመካከሉ ጠበል አለ፣ የባህል መድኃኒት አለ፣ በየክሊኒኩ የሚሰጥ ጉሉኮስ አለ። ኮሎኖስኮፒ ከሚሠራ፣ ናሙና ወስዶ ከሚመረምር የአንጀት ሐኪም ፊት እስኪደረስ ወራት ያልፋሉ፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሰው ዓመታትም ይሆናሉ። ጥቁር አንበሳንና ቅዱስ ጳውሎስን የመሳሰሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች ያሏቸው የዘርፉ ሐኪሞች ወረፋ ከሚጠብቃቸው ሕዝብ ጋር አይመጣጠኑም።

እዚያ ተደርሶም ነገሩ ወዲያው አይለይም። ክሮንስ የሚወደውን የትንሹን አንጀት ጫፍ የአንጀት ቲቢም ይወደዋል። በኮሎኖስኮፒ መስታወት የሚታየው ቁስል ይመሳሰላል፣ በናሙናው ላይ የሚታየውም ሊመሳሰል ይችላል። ቲቢ ብርቅ ባልሆነበት አገር አንድ ሐኪም ይህን አይቶ ቢያመነታ አይፈረድበትም፤ ቲቢ ሆኖ ሳለ የክሮንስ መድኃኒት ቢሰጥ፣ መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክም ቲቢው ይሠራጫል። ስለዚህ ጥርጣሬው ካልለየ በመጀመሪያ የቲቢ መድኃኒት ተሰጥቶ ለውጡ ይታያል፤ ቲቢ በሚበዛባቸው አገሮች የሚሠራበት መንገድ ነው። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ሙሉ ሕክምናው ስድስት ወር ነው። መድኃኒቱ ነፃ ቢሆንም የቤት ኪራዩ፣ መመላለሻው፣ የሚደገመው ምርመራና የተቋረጠው ደመወዝ ነፃ አይደሉም።

እንግዲህ ክሮንስ መሆኑ ታወቀ እንበል። ከዚህ በኋላ ያሉት መድኃኒቶች በዋጋ ሰማይና ምድር ናቸው። ፕሬድኒሶሎን በየፋርማሲው አለ፣ ርካሽ ነው፣ የተቆጣውን አንጀት በፍጥነት ያበርዳል። ሰውም ይወደዋል፤ ምግብ ያስበላል፣ ፊት ይሞላል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያስነሣል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። የተሻለው መድኃኒት ሲወደድባቸው ያለ ሐኪም ፈቃድ በፕሬድኒሶሎን ዓመታትን የሚገፉ አሉ። ድንገት ማቋረጡ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ቀጥለው አዛታዮፕሪንና ሰልፋሳላዚን ይመጣሉ፤ ብዙ ሰው የሚችለው ዋጋ አላቸው፣ ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ይበቃሉ፤ ለጠናበት ግን አይበቁም።

ለጠናበት የሚታዘዙት ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች ናቸው። ኢንፍሊክሲማብ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ለክሮንስ ተፈቀደ፤ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነው። አዳሊሙማብ ደግሞ ከቆዳ ሥር በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አስፈላጊ መባሉና ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ግን ለየቅል ናቸው።

የኢንፍሊክሲማብን ስሌት አንድ ጊዜ አብረን እንሥራው። የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ 300 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 100 ሚሊግራሙን ሦስት ብልቃጥ ይፈልጋል። የመጀመሪያው በተሰጠ በሁለተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ይደገማል፣ ከዚያ በየስምንት ሳምንቱ ይቀጥላል። በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ጊዜ ነው፤ 24 ብልቃጥ። በሁለተኛው ዓመት ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ። በሦስተኛውም እንዲሁ። አንዳንዱ ታማሚ መጠኑ ይጨመርለታል፣ ሌላው ወደ ሌላ መድኃኒት ይዛወራል። ሐኪሙ «የጠቅላላ የሚባል ነገር የለውም» ያለው ለዚህ ነበር።

ከዋጋው የከፋው ሌላ ነው። ኢንፍሊክሲማብ ሲቆራረጥ ሰውነት መድኃኒቱን የሚዋጋ ጸረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ገንዘብ ጠፍቶ ለወራት ከቆመ በኋላ ሲጀመር መድኃኒቱ እንደ ድሮው ላይሠራ ይችላል፤ ሲንጠባጠብም ከባድ የአለርጂ ምላሽ ሊያስነሣ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ሦስት ዙር ገዝቶ የሚያልቅ መዋጮ ሰውየውን ወደ ነበረበት ከመመለስም አልፎ የነበረውን ጥሩ ዕድል ሊያበላሽበት ይችላል። ይህን ለሰጪም ለተቀባይም በግልጽ የሚናገር ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ጥሪዎቹ ላይ የሚጻፈው «በአስቸኳይ» የሚል ነው፤ «በተከታታይ» የሚል አይጻፍም።

የብሩ ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። ሰኔ ላይ በብር ግቡን የጻፈ ቤተሰብ መስከረም ላይ ግቡ ቢሞላለትም መድኃኒቱ ግማሹን ብቻ ነበር የሚገዛለት። ከውጭ ለሚመጣ መድኃኒት የሚደረግ ጥሪ ግቡን በብልቃጥ ብዛት ቢጽፍ ከብሩ የበለጠ እውነቱን ይናገራል።

«ህንድ ውሰዱት» የሚለው ምክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ደላላው ይገባል፣ ሆስፒታሉ በኢሜይል የወጪ ግምት ይልካል፣ የሕክምና ቪዛ ይጠየቃል። ህንድ ከታማሚው ጋር እስከ ሁለት አስታማሚ በቪዛ ታስገባለች፤ ሦስት የአውሮፕላን ትኬት፣ ለሳምንታት የእንግዳ ማረፊያ ኪራይ ማለት ነው። እዚህ ያልተለየ ምርመራ ለማስለየት፣ ወይም እዚህ የማይሠራ ውስብስብ ቀዶ ሕክምና ለማስደረግ ከሆነ ጉዞው ተገቢ ነው። ለመድኃኒቱ ብቻ ከሆነ ግን አልስማማም። ታማሚው የሦስት ወር መድኃኒት ይዞ ይመለሳል፤ በአራተኛው ወር ቤተሰቡ እንደገና ስልክ ከቦ ይቀመጣል። ለጉዞው የወጣው ገንዘብ እዚሁ ሐኪም እየተከታተለው የብዙ ወራት መርፌ ይገዛ ነበር።

ከህንድ የሚመጣ ሌላ ጠቃሚ ነገር ግን አለ። የአዳሊሙማብ አቻ መድኃኒት፣ ባዮሲሚላር የሚሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ህንድ ውስጥ ነው። የኢንፍሊክሲማብ አቻም ከደቡብ ኮሪያ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓ ተፈቅዷል። አቻዎቹ ከመጀመሪያዎቹ በዋጋ ይቀንሳሉ፤ ሐኪሙን «አቻው ይሆነኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሁሉም ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ዘመድ ከዴልሂ ወይም ከዱባይ በሻንጣው ከትቶ፣ ሁለት አውሮፕላን ቀይሮ፣ ቦሌ ላይ ግማሽ ቀን ቆይቶ የሚያመጣው መርፌ መልኩ ሳይለወጥ ሊበላሽ ይችላል። መዋጮው ሁሉ እዚያ ሻንጣ ውስጥ ቀለጠ ማለት ነው።

ወደ አገር ውስጥ በሮች እንመለስ። ብዙ ቤተሰብ ከልመናው በፊት ሊያንኳኳቸው የሚገባውን በሮች አልፎ ነው አደባባይ የሚወጣው።

አንደኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች የሚሠራ ነው። መደበኛ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ ውል በገቡ የመንግሥት ተቋማት ይታከማል። ባዮሎጂኩን ሸፈነልኝ የሚል ሰው አይጠበቅ፤ የውጭ አገር ሕክምናም አይሸፍንም። የአልጋውን፣ የላቦራቶሪውን፣ የቀዶ ሕክምናውን ሸክም ግን ያቀላል፤ ለክሮንስ ታማሚ ደግሞ እነዚህ በየዓመቱ የሚመጡ ናቸው። ችግሩ ሥርዓቱ የሚሄደው በሪፈር መሆኑ ነው። ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል። በጭንቀት ቀጥታ ወደ ግል ሆስፒታል የገባ ሰው የመድኑ ደብተር ኪሱ ውስጥ እያለ ከኪሱ ይከፍላል። መክፈል ለማይችል ደግሞ ከቀበሌና ከወረዳ የሚጻፍ የነፃ ሕክምና ወረቀት አለ፤ እሱም የሚሠራው በመንግሥት ተቋም ነው።

ደመወዝተኛው ግን ከሁለቱም የለበትም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛውም አሠሪውም ከደመወዙ ሦስት ሦስት በመቶ ያዋጣሉ የተባለበት ይህ ዕቅድ ለዓመታት ሲራዘም ኖሯል። ሦስት በመቶው ያኔ ብዙ አስጮኸ፤ እኔም ከጮኹት ጋር ነበርኩ። ዛሬ ጽኑ ሕመም የገባበት ደመወዝተኛ ቤት ስገባ፣ ያ ሦስት በመቶ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ይታየኛል። በአገሪቱ ለጤና ከሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ሲሶው ገደማ ዛሬም ከቤተሰብ ኪስ ነው የሚወጣው።

ሌላው በር እድር ነው። የጉለሌው ቤተሰብ የሁለት እድር አባል ነው። ወጣቱ ቢሞት ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ገንዘቡ በእጅ ይሰጣል፣ ሦስት ቀን የሚበላ የሚጠጣ አይጠፋም። ታሞ ሳለ ግን የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ዝም ይላል። እናቱ «ለሞቱ የሚሰጡኝን ለሕይወቱ ቢሰጡኝ ምናለበት?» ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ማታ ነው። ለታመመ አባል ብድር የሚሰጡ፣ የሕክምና ድጎማ በደንባቸው ያስገቡ እድሮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህን በማድረጉ የከሰረ እድር ግን አላየሁም።

ከዚህ በኋላ ነው ስልኩ የሚመጣው። በ1000 የሚጀምረው የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ከታማሚው ፎቶ ሥር ይሰፍራል፤ የቴሌብር ቁጥር ይጨመራል። የቲክቶክ ታዋቂዎች በቀጥታ ሥርጭት አበባና አንበሳ እያስላኩ ያሰባስባሉ። ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ደግሞ ጎፈንድሚ ያስከፍታል። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሰው በቀጥታ ስለማይከፍል ከፋቹ ሜሪላንድ ወይም ዳላስ ያለ የአጎት ልጅ ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ ስጦታ ላይ 2.9 በመቶና 30 የአሜሪካ ሳንቲም ይቆረጣል። እነዚህ መንገዶች ሁሉ የሚሠሩት ለአንድ ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ይሞቃል፣ በሁለተኛው ይበርዳል፣ በሦስተኛው ሌላ ሕፃን፣ ሌላ ፎቶ ይመጣል።

በዚህ መካከል አጭበርባሪውም ገበያውን አይቷል። የሰው ፎቶ ሰርቆ፣ የሒሳብ ቁጥር ቀይሮ የሚለጥፍ አለ። ስለዚህ እውነተኛው ጠያቂ ከሐሰተኛው የሚለየው በማስረጃው ነው፦ ቀንና ማኅተም ያለው፣ የበሽታውን ስም የሚጠራ፣ የታዘዘውን መድኃኒት መጠንና ድግግሞሽ የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ፤ ወደ ውጭ ከሆነም የሆስፒታሉ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ወይም በሦስት ሰው ፊርማ ቢንቀሳቀስ ከሐሜት ያድናል። የወጪ ደረሰኝ በየጊዜው ለሰጪዎች ቢላክ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ፊታቸውን አያዞሩም።

ይህ ሁሉ ሲነገር «ውጭ አገር ያለውስ?» የሚል ይኖራል። እዚያ ያለው ወገናችን ከዚህ ሕመም ነፃ አይደለም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንን ያጠኑ የእስራኤል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ ካገኟቸው ታማሚዎች አንድም ሰው ሕመሙን ይዞ እንዳልመጣ፣ በሁሉም ላይ የተነሣው ቢያንስ ስምንት ዓመት እዚያ ከኖሩ በኋላ እንደሆነ ጽፈዋል። አመጋገብ ይሁን፣ የንጽሕና ኑሮ ይሁን፣ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን መለወጥ ይሁን፣ አዲሱ ኑሮ አንድ ነገር ነክቷል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። በእስራኤል ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ እያንዳንዱን ነዋሪ ከአራቱ የጤና ገንዘቦች በአንዱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ባዮሎጂክ መድኃኒቶቹም በሕግ በተወሰነው የሕክምና ቅርጫት ውስጥ አሉ። ከጎንደር ሄዶ ኔታንያ ላይ የታመመው ሰው ሌላ ችግር ሊኖርበት ይችላል፤ ለቀጣዩ መርፌ ግን ፎቶውን አይለጥፍም። ጎንደር የቀረው ዘመዱ ይለጥፋል።

አሜሪካ ደግሞ በሁለቱ መካከል ናት። እዚያ ያለ ሐበሻ ሲታመም ወዲያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙዳይ ይዞራል፣ ጎፈንድሚ ይከፈታል። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ ኦባማኬር የምንለው፣ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች የገንዘብ ድጋፍ መመሪያ ጽፈው እንዲያወጡና ለታማሚው እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። «ፋይናንሻል አሲስታንስ» የሚባለውን ፎርም ጠይቆ መሙላት ዕዳውን ሊቀንስ፣ ሊያስቀርም ይችላል። አምራች ኩባንያዎቹም መድኃኒቱን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚሰጡበት ፕሮግራም አላቸው። የእንግሊዝኛው ፎርም አስፈርቷቸው ቁጠባቸውን የጨረሱ እናቶች አሉ፤ አንድ ጎረምሳ የእህት ልጅ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥላቸው የሚያልቅ ሥራ ነበር።

የጉለሌው ጥሪ ምን ደረሰ? የመጀመሪያው ሰሞን ሞቀ። ሁለት ሚሊዮኑ አልሞላም፤ ከግማሽ ያነሰው ተገኘ። እህትየው ግን ከሐኪሙ ጋር እንደገና ተቀምጣ ጥሪውን ቀየረችው። አዲሱ ጽሑፍ የሚያስደነግጥ ቃል የለበትም። የበሽታውን ስም ይጠራል፤ እንደማይጠፋ፣ ነገር ግን እንደሚያዝ ይናገራል፤ የሚያስፈልገውን ብልቃጥ በዓመት ከፍሎ ይጽፋል፤ «አንድ ጊዜ ብዙ ከምትሰጡን በየወሩ ትንሽ ስጡን» ይላል። መጀመሪያ የተሰበሰበው ገንዘብ ለመጀመሪያዎቹ ዙሮች ብቻ ሳይሆን ለመጠባበቂያም ተቀመጠ፣ እንዳይቆራረጥ። የድሮ ክፍል ጓደኞቹ በዕቁብ መልክ ተደራጅተዋል፤ በየወሩ የሚሰበስብ፣ የቀረውን የሚያስታውስ ዳኛ መርጠዋል። አጎትየው «እንዲህ ደረቅ ብሎ ማን ይሰጣል?» ብለው ነበር። ሰው ግን ሰጠ። ያልሰጠም አለ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰጪዎች የሚበዙት ወርኃዊውን አልተቀበሉም። የተቀበሉት ጥቂቶች ግን አሉ፤ መርፌውን ያስቀጠሉት እነሱ ናቸው። ወጣቱም ሆነ ቤተሰቡ ነገ ሌላ መድኃኒት ቢታዘዝ ምን እንደሚሆን ስጋት አላቸው፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው።

በበኩሌ፣ ጽኑ የአንጀት ሕመምን በመዋጮ ማስታመም የመንግሥትንና የመድንን ቦታ ይተካል ብዬ አላምንም። አዳሊሙማብን የመሰለ መድኃኒት በብሔራዊ ግዢ ተገዝቶ በሪፈራል ሆስፒታሎች በመድን የሚሰጥበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ግን በየሰፈሩ የሚደረገው ስብሰባ አይቆምም። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ። የእድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ የእድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አውጡና ስለታመመ አባል ምን እንደሚል ተመልከቱ። ምንም የማይል ከሆነ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዙት፤ ለረጅም ጊዜ ለታመመ አባል በየወሩ ስንት ሊከፈል እንደሚችል፣ በምን ማስረጃ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈል ጽፋችሁ አቅርቡ።